አልጀብራ ያልነው እርከን

አባቴ በዘጠኝ ዓመቴ ትምህርት ቤት እንዳልገባ ከለከለኝ። ምክንያቱ አልጀብራ ነው። እኔ ያኔ ሀሁ እንኳ አልቆጠርኩም፤ አልጀብራ አጠፋ የተባለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱም አላጠፋም። ይሄን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ማንበብና መጻፍ ከተማርኩ በኋላ ነው። አሁን እስክሪብቶ መያዝ ስለቻልኩ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ። የሚከፋው ካለ ይከፋው።

ሰሞኑን ከሃያ ሁለት ወደ ገርጂ በእግሬ ስሄድ አንድ ጅምር ሕንፃ ሥር ኮንክሪት ሲሞላ ደረስኩ። እርጥብ ሲሚንቶና የራሰ ጣውላ አንድ ላይ ሲሸቱ ሽታው ጉሮሮ ላይ እንደ አመድ ይቀመጣል። ቆሜ ቀረሁ። አንዱ የቀን ሠራተኛ አይቶኝ «ሥራ ፈልገህ ነው ወንድሜ? ፎርማኑ ውስጥ ነው» አለኝ። ሽታው ነው ያቆመኝ ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ያ ሽታ ለኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው፤ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው የነበረው ክረምት።

ያኔ ሰፈራችን ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ፎቅ ነበር። በቦሌ በኩል ሕንፃው እየገፋ መጣ፣ በላምበረት በኩል መንገዱ እየገፋ መጣ፣ እኛ መሃል ላይ ቀረን። አባቴ ቱሉ ገበሬ ነበር። ጤፍ ይዘራበት የነበረውን መሬት በየዓመቱ እየቆረሱ ወስደውበት በመጨረሻ የቀረው ግቢው ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ግቢው መሃል ቆመና ወደ ሰማይ አንጋጦ «ከጎን ከከለከሉኝ ወደ ላይ እሄዳለሁ» አለ። ሄደም። በብሎኬት የተሠሩት ክፍሎቻችን ላይ ሶሌታ የሚሉትን የኮንክሪት ጣራ አስሞልቶ ከላይ የሚከራዩ ክፍሎች አሠራ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ማን መሐንዲስ ጠራ? ጎረቤቱ ሲሠራ ያየ ሁሉ ይሠራል። የኛ ቤት ሁሉ ነገሩ አልቆ የቀረው ከግቢው ወደ ላይ የሚያወጣው የውጭ ደረጃ ብቻ ነበር።

ከሁለታችን ትምህርት ቤት የሚሄደው ወንድሜ ገመቹ ብቻ ነው። «አንዱ ይማር፣ አንዱ ያግዘኝ» ነበር የአባቴ ሕግ። እኔ ለሁለቱ ላሞች ፉርሽካ እሸከማለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ በረት እጠርጋለሁ። እናቴ ወርቄ በየዓመቱ መስከረም ሲቃረብ ትጀምራለች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ አረጀ። ጓደኞቹ ሁለተኛ ክፍል ገቡ።» አባቴም በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። «ገመቹን አስገባሁት። እስካሁን ለዚህ ቤት ምን አመጣ?»

ያን ዓመት ገመቹ የስምንተኛን ፈተና ተፈትኖ ቤት ተቀምጧል። የደረጃው ሥራ ሊጀመር ሲል ግንበኛው ጋሽ አበራ ለአባቴ ሲያስረዳ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ጋሽ አበራ ጥሩ ግንበኛ ነው፤ ግማሹን የሰፈር ቤት እሱ ነው ያቆመው።

«ደረጃ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ ጋሽ አበራ። «ከታች ትጀምራለህ። ስንዝር ስንዝር እያደረግህ ትወጣለህ። የተረፈውን ለላይኛው ትሰጠዋለህ።»

«ለምን ይተርፋል?» አለ ገመቹ።

«ሁሌም ይተርፋል። ሠርቼ ያልተረፈበት ደረጃ የለም።»

«ታዲያ ሰው አይደናቀፍም?»

«ይለምደዋል።»

«ሁሉንም እኩል ማድረግ ይቻላል እኮ ጋሽ አበራ። አልጀብራ ነው።»

ጋሽ አበራ አባቴን አየው። አባቴ ገመቹን አየው። «ትችላለህ?» አለው።

«እችላለሁ።»

«ጥሩ። ይሄ ደረጃ እኩል ከወጣ በዳዳ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። ካልወጣ ግን ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስለ ትምህርት የሚያወራኝ ሰው እንዳይኖር። አንቺም ወርቄ፣ ስሚ።»

በዳዳ እኔ ነኝ። ሕይወቴ እንደዚህ ነው የተወሰነው። ሌላው ልጅ የሚገባው ሰባት ዓመት ስለሞላው ነው፤ እኔ የምገባው የኮንክሪት እርከን እኩል ከወጣ ነው።

ገመቹ ከሰል አነሳና ግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። የእርከኑን ቁመት ኤክስ አለው፣ ስፋቱን ዋይ አለው። አስተማሪው ነግሮት ነው መሰለኝ፣ ሁለት ቁመትና አንድ ስፋት ሲደመር የሰው እርምጃ ያህል መሆን አለበት አለ። ስለዚህ እርምጃ ያስፈልጋል። የማን? የአባቴ። አባቴ የተከበረ ሰው ነው፤ በሰው ፊት እንደ ምልምል ወታደር ወዲያና ወዲህ ሲራመድ፣ ገመቹ ከኋላው እየሮጠ መሬቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ አሁንም ይታየኛል። አጥራችን ሥር ሱቅ ያለው የወሎው ጋሽ ሰይድ ብቅ ብሎ «ቱሉ፣ ሰልፍ አለ እንዴ? እኔንም ጥራኝ» አለው።

«የኔ እርምጃ ኢኩዌሽን ውስጥ ሊገባ ነው» አለ አባቴ። ቃሉን አጣሞ ነው የጠራው፤ ግን ደስ ብሎታል። ደስታውን ለመሸፈን ወዲያው «ቁጥር ጤና የነበረው ፊደል ሳይገባበት ነው» ብሎ አጉረመረመ።

እኔ ደግሞ ምንም አልገባኝም። ገመቹ «ኤክስንና ዋይን አናውቃቸውም፣ እንፈልጋቸዋለን» ሲል የጠፉ ዕቃዎች መስለውኛል። አሸዋው ክምር ውስጥ ስቆፍር ቆይቼ አንድ የዛገ ሚስማርና አንድ የቢራ ቆርኪ ይዤለት ሄድኩ። «ይሄ ነው?» አልኩት። አልሳቀብኝም። «አይደለም። ግን መፈለጉን አታቁም» አለኝ። እኩል ይሆናል ብሎ ሁለቱን አጫጭር መስመሮች ሲያሰምር ደግሞ ጋሽ አበራ እንዲቸነክር የታዘዘው ሁለት ጣውላ መሰለኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያንን ምልክት ሳይ ጣውላ ነበር የሚታየኝ።

መጨረሻ ላይ ገመቹ ከግቢው መሬት እስከ ሶሌታው ያለውን ከፍታ ለእርከኖቹ እኩል አካፍሎ አንድ ቁጥር ከበበና ለጋሽ አበራ አሳየው። ጋሽ አበራ በግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት እያደረገ ከታች እስከ ላይ ለካ። የመጨረሻው ምልክት ሶሌታው ጫፍ ላይ ልክ አረፈ። ምንም አልተረፈም። ጋሽ አበራ ኮፍያውን አነሳና ራሱን አከከ። «አልተረፈም እኮ» አለ፤ የሆነ ነገር የተሰረቀ ይመስል።

ሰኔ ሳያልቅ ሞሉት። ከዚያ የኔ ሥራ በየጧቱ ደረጃውን ውሃ ማጠጣት ሆነ። ኮንክሪት ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ይጠጣል፤ ያንን ግን ማንም አላስረዳኝም፤ «አጠጣ» ብቻ ነው የተባልኩት። ጎመን ውሃ ጠጥቶ ያድጋል፣ በቆሎ ውሃ ጠጥቶ ያድጋል። ደረጃውም እያደገ ነው አልኩ። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እያጠጣሁ እወርዳለሁ፤ የታችኛው እርከን ላይ ስደርስ ጣሳው ስለሚያልቅ የሚደርሰው ጠብታ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ በኋላ ብዙ አሰቃይቶኛል።

ጣውላው የተነሳ ቀን አባቴ ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ሦስተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የወጣው። ከላይ ሆኖ እናቴን ጠራት።

«ወርቄ፣ ለዚህ ልጅ የዩኒፎርም ጨርቅ ግዢለት።»

 እናቴ ቶሎ ብላ ነጠላዋን አደረገችና እጄን ይዛ ልብስ ሰፊ ቤት ወሰደችኝ። ሐሳቡን ሳይቀይር ብላ ነው። ሰፊው ትከሻዬን ሲለካ አንገቴ ሥር ያረፈው የሜትሩ ብረት ቀዝቃዛ ነበር። «ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ እስከ ሁለተኛ ክፍል ይለብሰዋል» አለችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሐምሌ መጣ።

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት መንገድ እየተሠራ ነበር። መንገድ ሠሪዎቹ አፈር እየደለደሉ፣ ጠጠር እየደለደሉ መንገዱን ከግቢያችን በላይ አደረጉት። የማንም ቤት ታች ይሁን ላይ አይጠይቁም። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በበራችን ሥር ገባና በረቱን አልፎ መኝታ ቤት ደረሰ። እናቴ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ ውሃውን በመጥረጊያ ስትገፋ፣ ላሞቹ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሲያጓሩ ትዝ ይለኛል። አባቴ በማግሥቱ በገልባጭ መኪና ገረጋንቲ አስመጣ። ገረጋንቲ መንገድ የሚደለደልበት ቀይ አፈርና ጠጠር ነው። ግቢውን ከፍ ሊያደርግ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ገመቹና እኔ በባሬላ ተሸከምነው። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዘው የእንጨት ቃሬዛ ነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። በረቱ ጋ ደፋን፣ በሩ ጋ ደፋን፣ ደረጃው ሥር ደፋን። ደረጃው ሥር ስንደርስ ገመቹ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ምን አለኝ?

«እዚህ ጋ ደህና አድርገህ ጠቅጥቅ። ሰው የሚረግጠው እዚህ ነው።»

ጠቀጠቅኩ። በግንድ ቁራጭ እየዘለልኩ ጠቀጠቅኩ። የታችኛው እርከን ከቁመቱ ግማሽ የሚሆነው አፈር ውስጥ ገባ። ከላይ ያሉት ሁሉ እንደነበሩ ናቸው፤ የታችኛው ብቻ አጠረ። ገባችሁ አይደል? ለማንም የሚገባ ነገር ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ግን ግንበኛ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር፣ ዕድሜ ልኩን መሬት ያየ ገበሬ ነበር፤ አንዳቸውም ወደ ታች አላዩም። ሁሉም የሚያየው ውሃው እንዳይገባ ነው። ውሃውም አልገባም። ተደሰትን።

ፍልሰታ ተፈታና በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ቤቱን ሊያስባርክ ሰው ጠራ። በግ ታረደ። የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ጠበል ሊረጩ መጡ። ከበድ ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ቄስ ናቸው። ታቹን ቤት ረጭተው ጨረሱና በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው የጠበል ጣሳ ይዘው ወደ ላይ ለመውጣት ደረጃው ጋ ደረሱ። ሰው ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፏል። እኔ አዲሱን ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ፤ እናቴ ሰው ይየው ብላ ነው።

አባ ተክሌ የመጀመሪያውን እርከን ረገጡ። አጭር ስለሆነ እግራቸው ቀለለው። ሁለተኛውንም እንደዚያ መሰላቸው። ጫማቸው ጠርዙን መታና በጉልበታቸው ወደቁ። ጠበሉ ተደፋ፣ ጣሳው እየተንኳኳ በሩ ድረስ ተንከባለለ፣ መስቀሉን ግን አለቀቁትም።

 እሳቸው ተንበርክከው እንዳሉ ዞር ብለው «ቱሉ፣ ቤትህ ሳያሰግድ አያስገባም ማለት ነው?» አሉ።

ሰው ሳቀ። ክፋት የለውም፤ እሳቸውም ስቀው ተነሱ። ቀጥሎ የወጣው የዕድራችን ዳኛ ግን እሱም ተደናቀፈ። ከሱ ቀጥሎ አክስቴ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ሆኖ «በሉ በየተራ ነው፣ አትጋፉ» አለ። ያኔ ሳቁ ሌላ ዓይነት ሆነ። የአባቴን ጆሮ አየሁት፤ ጠቁሯል።

«ኮቱ» አለ ገመቹን። አባቴ በኦሮምኛ «ና» ሲል ነገር አለ ማለት ነው።

ገመቹ መጣ።

«እኩል ነው ብለኸኝ ነበር።»

«እኩል ነው አባባ።»

«ለካው።»

ጋሽ አበራ ሜትር አቀበለው። ገመቹ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበረከከና ለካ። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛው ልክ ነው። የታችኛው ግን ከኤክስ በጣም ያንሳል። ደግሞ ለካው።  በሚስማር መሬቱ ላይ፣ እኛው ያፈሰስነው ገረጋንቲ ላይ፣ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሠራው። ያው ቁጥር መጣ። ምን ያድርግ? የተጠየቀው ትክክል ነው ወይ ተብሎ ነው፤ ትክክል ነው፤ ሰው ግን ወድቋል።

«ጋሽ አበራ ናቸው ያሳጠሩት» አለ።

«እኔ?» አለ ጋሽ አበራ። «እኔ ያልከኝን ነው የሠራሁት። በኔ ቢሆን የሚያጥረው የላዩ ነበር፤ ሰው ላይኛው ላይ ሲደርስ ደክሞት ቀስ ይላል፣ አይወድቅም።»

ይሄን ያህል የሚያናድድ መልስ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ግን ጥበብ እንደሰማ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንግዶቹ ላይ ዓይኑን አሳልፎ እኔን አየኝ፤ ዩኒፎርሜን አየው።

«አውልቅ» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። የታችኛው እርከን ያጠረው ውሃ ስላልጠጣ ነው አልኩ። ከላይ እየጀመርኩ ጣሳውን ስጨርስ ለሱ አይደርሰውም ነበር፤ ሌሎቹ አደጉ፣ እሱ ቀረ። ስለዚህ ምዝገባው እስኪደርስ በየጧቱ ሰው ሳይነሳ ተነስቼ ለታችኛው እርከን ብቻ ሙሉ ጣሳ አጠጣሁት። በስንዝሬ እለካዋለሁ። አንድ ቀን ትንሽ ያደገ መሰለኝና ለገመቹ ሮጬ ነገርኩት። ገመቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም ያለቀሰው ስላላመነኝ መሰለኝ።

እርከኑ ስም ወጣለት፤ አልጀብራ። ያወጣለት ጋሽ ሰይድ ነው። ውሃ ጠጡ ተብሎ የገባ እንግዳ ሁሉ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አንዱ «አልጀብራን ጠንቀቅ» ይለዋል። ተከራዮች ሲገቡ ቁልፍ ይሰጣቸዋል፣ ስለ አልጀብራ ይነገራቸዋል። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ይሄን ነው» ይላል። እኔ ደግሞ የሰው ልጅ የሚደናቀፈው በአልጀብራ ብቻ መሰለኝ። እናቴ ሃያ ሁለት አንድ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይ ኖሯት ይዛኝ ሄዳ፣ ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት መግቢያው ላይ ስትደናቀፍ አየሁና «የነሱም ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው?» አልኳት። እናቴ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ዓይኗን ጠረገች።

እሷ ግን ዝም አላለችም። የምዝገባው ዕለት እጄን ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ወሰደችኝ። መዝጋቢው የአባትየውን የቀበሌ መታወቂያ አምጪ አላት። ተመለስን። አባቴ በረንዳው ላይ ነው።

«መታወቂያህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ደረጃው ያጠረው እሱ ምን አድርጎ ነው? በምን ዕዳው?»

«እሱ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ ሁለተኛ የማልሞኘው። አንዱ ተማረና ቤቴን የሰው መሳቂያ አደረገ። ሌላው ሲማር ደግሞ ጣራውን ያወርድብኛል።»

«አንድ እርከን እኮ ነው።»

«አንድ እርከን ላይ ነው ቄሱ የወደቁት።»

እናቴ ያን ቀንና በማግሥቱ አላናገረችውም። መታወቂያውን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚተኛው። ምዝገባው ተዘጋ። ልጆቹ በበራችን በኩል ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ እኔ ለላሞቹ አተላ እሸከም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ እንደገና ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነው። ከዚያ ደግሞ እኔው ራሴ ከትናንሽ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል መቀመጥ አፈርኩ። አለቀ።

ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ተማሪ ቤት የተማርኩት ኤክስ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አልጠቀመኝም» እያለ የሚስቅ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ላንተ አልጠቀመህ ይሆናል ጌታዬ። አንተ ቀመሩን ተምረህ ጣልከው፤ እኔ ሳልማረው ጣለኝ። ዛሬ የማታ ትምህርት ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። አስተማሪዬ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። አንድ ቀን ከኢኩዌሽኑ ውስጥ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ኤክስም አብሮ ይለወጣል ብሎ አስረዳ። ሁሉም ጻፈ። እኔ አልጻፍኩም። ባሬላው ታየኝ። ከፍታው እኮ ተለውጧል። ደረጃው ሲሠራ መሬቱ ሌላ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እዚያው ወንበሩ ላይ ተናደድኩ።

በመጣው ቅዳሜ ዶማና ሜትር ይዤ አባቴ ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፤ ጋቢ ለብሶ ደረጃው ፊት ለፊት ፀሐይ ይሞቃል። ወንድሜንም ወሎ ሰፈር ካለው ጋራዡ ደውዬ አስመጥቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። የታችኛው እርከን አጠገብ መቆፈር ጀመርኩ።

«ምን ልታደርግ ነው? ውሃ ታስገባብኛለህ» አለ አባቴ።

«ይታገሱኝ።»

ገረጋንቲው ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥሩ ጠቅጥቄዋለሁ። የእርከኑ እግር ወጣ። ሜትሩን ዘረጋሁ። ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው፤ ልክ ገመቹ ያለው ቁጥር። ሜትሩን ለአባቴ አሳየሁት። ገመቹ ጉድጓዱን አየና እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

«በባሬላ ያመጣነው ነው» አለ። «ጠቅጥቅ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«እና?» አለ አባቴ።

«እናማ ገመቹ አልተሳሳተም። ግቢው ከፍ ሲል እርከኑ ተቀበረ።»

«ውሃው ይግባብኝ ነበር?»

«አይግባ። ከፍ ማድረግዎ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃውን እንደገና ማስላት ነበር።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«የተማረ ሰው።»

«ገመቹም ተምሮ ነበር። አላወቀም።»

«እንዲያስብ መቼ ጊዜ ሰጡት? በሰው ፊት አንበርክከውት።»

 እኔ ከሰል አልያዝኩም፤ ደብተሬ ላይ ሠራሁት። የቀረውን ከፍታ ወስዶ ለእርከኖቹ እኩል ማካፈል ነው። ሲሰላ አንዱም እርከን መፍረስ የለበትም፤ የታችኛው ላይ ወፈር ያለ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ ካለው ላይ ሳሳ ያለ፣ እንዲህ እየቀነሰ ወጥቶ ላይኛው ጋ ሲደርስ ምንም። ይሄው ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው የወደቀበት ነገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ጉድጓዱን መልሰን ደፍነን ጠቀጠቅነው፤ ገመቹ ኮንክሪቱን በመሮ እያሻከረ፣ እኔ እየለሰንኩ፣ ሳይመሽ ጨረስነው። 

ዕቃችንን ስናጥብ አባቴ ገመቹን በስሙ ጠራው። «አንተ አላጠፋህም» አለው። ገመቹ «እሺ አባባ» አለና እጁን ማጠብ ቀጠለ፤ ውሃው ከጠራ በኋላም ሲያጥብ ቆየ።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስምንተኛ።»

 ጋቢውን ሰበሰበ።

«ተማር» አለኝ።

አባቴ ትምህርት ቤት እንድገባ የፈቀደው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።